ነፍሰ ጡር የማትበላው ፍሬ

ካርቱም፣ ሐምሌ 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

«ክቡር አባቴ ሆይ፣ ፓፓያው ደርሶ ዓወል አምስት ፍሬ አምጥቶልን ነበር። እኔ ግን ሁለት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንሁና አባባም ለነፍሰ ጡር አይሆንም ስላሉኝ አልቀመስሁትም። ስለ ድካምዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ይህን የጻፈችው ልጄ ይርጋለም ናት። ቀኑ ሰኔ 14 ነው። አንድ ፊደል አልጨመርሁም፣ አንድ ፊደልም አላጎደልሁም። «አባባ» የተባሉት እርስዎ ነዎት። «ክቡር አባቴ» የተባልሁት ደግሞ እኔ፣ የወለድኋት ነኝ፤ ለአውራጃ ገዥ ማመልከቻ የሚጻፈው እንደዚህ ነው።

ለቄስ ኃይለ ገብርኤል፣ ለአጎቴ ልጅ። ሰላምታ ከፊት መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን አልቀድም አለኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ ወይዘሮ ወለተሐናስ ደኅና ናቸው? እኔን ከካርቱም ሙቀት በቀር የሚያመኝ አልነበረም፤ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ።

ይርጋለም ማርገዟን የሰማሁት ከዚሁ ደብዳቤ ነው፤ ያውም ፓፓያ ላለመብላቷ ምክንያት ሆኖ ሲጠቀስ። ፓፓያውን ማን እንደላከው ረስተው እንደሆነ ላስታውስዎ። ከሁለት ዓመት በፊት ዘሩን ከፍሬው አውጥቼ፣ የሚያሙለጨልጨውን ልባስ በአመድ አሽቼ፣ ጥላ ላይ አድርቄ በፖስታ የላክሁት እኔ ነኝ። ከአሊዩ አምባ በታች፣ ቆላ ባለው በአባቴ መሬት ላይ መሬቱን የሚያርሰው ዓወል እንዲተክለው፣ ጉድጓዱ ስንት ክንድ እንዲጠልቅ፣ በዛፍና በዛፍ መካከል ስንት እርምጃ እንዲለይ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ካይሮ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርሁት የዕፅዋትን ነገር ነው፤ እዚህም የፍራፍሬ ችግኝ ሳፈላ አሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ። ልጄ ከእኔ እጅ ልትቀምሰው የምትችለው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ፍሬ ነበር። እርስዎ «አይሆንም» አሏት፤ በአንድ ቃል ቀረ።

እናቷን ቀብሬ የአራት ዓመት ልጄን እርስዎ ዘንድ ትቼ ስሄድ የሰጠሁዎት አደራ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም።

ፓፓያ ጽንስ ያስወርዳል የሚለውን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት፣ ምዕራፉንና ገጹን ጠቅሰው ይጻፉልኝ።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር፣ ነሐሴ 21 ቀን 1955 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ። ክረምቱን እዚህ ያደረሰን አምላክ መስከረምንም በጤና ያሳይህ፤ ከአገሩ የራቀን ሰው የሚጠብቅ መልአክ ካንተ አይለይ። እኛ ከጉሙና ከጭቃው በቀር ደኅና ነን።

«እርስዎ» ብለህ ስትጽፍልኝ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁ። በአንድ ሞሰብ በልተን፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ያደግን ሰዎች ነን። ወለተሐና ሳነብላት «ምን በደልኸው?» አለችኝ። «ፓፓያ ከለከልሁ» አልኋት። «እሱማ ድሮም በምግብ ቂም ይይዛል» አለች። አትቀየማት።

መጽሐፍ ጥቀስ ብለሃል። መጽሐፍ የለኝም። የሰማሁት ከአሊዩ አምባ ሴቶች ነው። የዓወል ሚስት መሊካ ስድስት ልጅ የወለደች ናት፤ «ሥጋው ምንም አይል፤ ጽንስ የሚጥለው ጥቁሩ ፍሬው ነው» ትላለች። ጎረቤቷ አፊፋ «ኧረ ጥሬው ነው» ትላለች። አንዲት አሮጊት ደግሞ ሁለቱንም ሰምታ «ከወንዴው ዛፍ ጎን የበቀለው ነው እንጂ» ብላ አረፈችው። ሦስት ሴቶች ሦስት ነገር ሲናገሩ እኔ ማንኛዋ ትክክል እንደሆነች አላውቅም። ለሰባት ወር ፓፓያ ቢቀርባት ምን ይጎድልባታል ብዬ ከለከልሁ። በሌላ አይደለም።

ሁሉን ከልካይ አድርገህ አትየኝ። በፍልሰታ ዓወል ጥሬ ፓፓያ ለወጥ ይሆናል ብሎ አመጣልን፤ ቢላዋ ሲነካው ነጭ ወተት አፈሰሰ። ጎረቤታችን ደመቀች «ይኸው ታለበ፤ በጾም ወተት ልታበሉን ነው?» ብላ ቤቱን አመሰችው። ቄስ ዘርአ ዳዊትም እሷን ደግፎ ግማሽ ቀን ተከራከረኝ። በመጨረሻ «ሾላም ሲቆረጥ ወተት ይደማል፤ ሾላ በልቶ ጾም ፈታ የተባለ ሰው አለ?» ብዬ ረታኋቸው። ለፍሬህ ጠበቃ ቆሜለታለሁ ማለት ነው።

ዓወል ሁለቱ ወንዴዎች አላፈሩም ብሎ በግንዳቸው ላይ ሚስማር መትቷል። እሱም አልሆን ሲለው መጥረቢያ አንሥቶ «ይህን ቦዘኔ ዛሬ እጥለዋለሁ» ይላል፤ ሌላ ሰው መሀል ገብቶ «ዘንድሮን ማርልኝ፤ ለከርሞ ያፈራል፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል፤ ዛፉ ፈርቶ እንዲያፈራ ነው። ዋስ የጠፋ ጊዜ ደረስሁና እኔን አቆሙኝ። የማርያም ቄስ ለዛፍ ዋስ ሆኜ ተመለስሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ፍርሃቴ እንዲገባህ። ይርጋለም ባለፈው ዓመት በሦስት ወሯ ጽንሱ ወርዶባታል። ያን ጊዜ ፓፓያ አልነበረም። እንዳታዝን ብለን አልጻፍንልህም።

ወንድምህ ኃይለ ገብርኤል


ካርቱም፣ መስከረም 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለቄስ ኃይለ ገብርኤል። አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልዎ፤ ለቤትዎም እንዲሁ።

«አልጻፍንልህም» ብለዋል። ይህ «እኛ» ማን ማን ነው? እርስዎ፣ ወይዘሮ ወለተሐና፣ የይርጋለም ባል ወልደአረጋይ፣ ምናልባትም ደመቀች። የልጄን ሐዘን የማያውቀው አባቷ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል የጣራ ወፍ እንዲቀይርላት አብራችሁ ስትወረውሩ እኔ የሰማሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። የሠርጓን ፎቶግራፍ ልካችሁልኝ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። በእኔ ቦታ የቆሙት እርስዎ ነዎት፤ የያዙት ጥቁር ዣንጥላ ግን እኔ የላክሁት ነው። እንግዳ ሰው ሲጠይቀኝ «ይህኛው አባቷ ነው?» ይለኛል። ምን ብዬ እንደምመልስ ያውቁ ነበር?

ወደ ፍሬው ልመለስ። ሦስቱም ሴቶች ተሳስተዋል፤ አፊፋ ግን በጥቂቱ ቀርባለች። ጥሬው ወተት አለው፤ ለነፍሰ ጡር እኔም አልሰጥም። ከዛፉ ላይ ቢጫ ሆኖ የበሰለው ግን ማንንም አይጎዳም። እዚህ እርጉዞች ማለዳ ይበሉታል፤ ልጆቻቸውንም አያቸዋለሁ። ዘሩ ጽንስ አይጥልም፤ ከአሮጊቲቱ ንግግር ደግሞ ወንዴ የሚባለው ቃል ብቻ ነው እውነት። ወንዴ ፓፓያ ወንድ ስለሆነ አያፈራም። ሚስማር አያስወልደውም። ዋስ የሆኑለት ዛፍ ለከርሞ ካፈራ ዲፕሎማዬን አቃጥላለሁ።

እርስዎ «ማንኛዋ ትክክል እንደሆነች አላውቅም» ይላሉ። የሚያውቅ ሰው በቤተሰብዎ ውስጥ አለ። አልጠየቁትም።

ወልደተንሣኤ


ካርቱም፣ መስከረም 14 ቀን 1956 ዓ.ም.

በዓወል እጅ፣ ለልጄ ለይርጋለም ብቻ።

ልጄ ሆይ፣ የእናትሽ ጸሎት ይጠብቅሽ፤ በሆድሽ ያለውንም በሰላም ያውጣልሽ።

ይህን ደብዳቤ ለማንም አታንብቢ። ቄስ ኃይለ ገብርኤል ደግ ሰው ናቸው፤ ስለ ፓፓያ ግን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። የምነግርሽን በጥንቃቄ ፈጽሚ። አንኮበር ድረስ የሚመጣልሽ ፍሬ መንገድ እንዲችል በጥሬው ተቆርጦ በጭድ የበሰለ ነው፤ እሱን አትንኪ። ከዓወል ጋር ወደ አሊዩ አምባ ውረጂ። ከዛፉ ላይ እንዳለ ቢጫ የሆነውን ምረጪ። የጥፍር ታህል እንኳ አረንጓዴ ካለበት እስኪበስል ጠብቂ፤ አትቸኩይ። ቆርጠሽ ዘሩን አውጪ፣ ሥጋውን ብዪ፤ ዓወልም ይይሽ። ምንም እንደማትሆኚ አይተው አፋቸውን ይዘጋሉ።

ብዙ ጠይቄሽ አላውቅም። ከሁለታችን የማናችንን ቃል እንደምታምኚ በዚህ አውቃለሁ።

አባትሽ ወልደተንሣኤ


አንኮበር፣ ኅዳር 6 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ። የሰማይና የምድር ጌታ በያለህበት ይጠብቅህ። እኛ በቸርነቱ አለን። ይርጋለም ትንሽ አመም አድርጓት ነበር፤ አሁን እህል ቀምሳለች።

ፓፓያዎቹ ተቆርጠዋል። የቆረጡት ሰዎች እንጂ ዓወል አይደለም፤ እሱን አትቆጣው። ብርዱ በርትቷል፤ ገብሱ ግን ደኅና ይዟል። ወለተሐና ሰላም ብላሃለች።

ኃይለ ገብርኤል


ካርቱም፣ ኅዳር 29 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለቄስ ኃይለ ገብርኤል። ጤና ይስጥልኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ከልጄ መልስ ስጠብቅ የደረሰኝ የእርስዎ ግማሽ ገጽ ነው። «ተቆርጠዋል» ብለዋል። ስንቱ? ማን ቆረጠ? በማን ፈቃድ? መሬቱ የአባቴ ነው፤ ዘሩ የእኔ ነው፤ ውሃ ያጠጣው ዓወል ነው። የተከልነው አሥራ አራት ዛፍ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ሴት፣ ሁለቱ ወንድ። በዚያ አቀበትና ቁልቁለት አገር እንደዚያ ያለ ፍሬ አልነበረም። ልጆች የሚበሉት፣ ሕመምተኛ የሚጠገንበት፣ ከእኔ በኋላ «ይህን ያመጣው ወልደተንሣኤ ነው» የሚባልበት ነበር። ምናልባት ያስቆረጠውም ይኸው ይሆን? በአንኮበር ከእርስዎ ስም ሌላ ስም እንዳይጠራ?

ገብሱ እንዴት እንደያዘ አልጠየቅሁም።

ይርጋለም ለምን አልጻፈችልኝም? «ትንሽ» የሚባል ሕመም የለም፤ ሕመም ስም አለው። ፍሬውን በልታለች ወይስ አልበላችም? ልጇስ? ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በየስሙ መልስ እፈልጋለሁ።

ወልደተንሣኤ


አንኮበር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወልደተንሣኤ። የልደቱ ብርሃን ባለህበት ይድረስህ። ይህን ስታነብ ተቀመጥ።

ስለ ዛፎቹ ብዙ፣ ስለ ልጅህ ጥቂት ጻፍህ፤ ሰርዘህ ደግመህ የጻፍኸው ግን ጥቂቱን ነው። አየሁት። ስለዚህ ከእንግዲህ አልደብቅህም።

ደብዳቤህን ዓወል በጥቅምት መጀመሪያ በእጇ ሰጣት። ለእኛ የክርስትና እናቷን ወለተ ጊዮርጊስን ልጠይቅ ብላ፣ ጥቅምት 8 ቀን ከዓወል ጋር ቁልቁል ወረደች። ከዛፉ ላይ የተገኘው ፍሬ ሁሉ ገና ነበር። መሊካ ለምናታለች። የተባባሉትን እሷው እንደነገረችኝ እጽፍልሃለሁ።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ውጪ። ደገኛ በጥቅምት እዚህ አያድርም» አለቻት።

«አባቴ ቢጫ እስኪሆን ጠብቂ ብለውኛል።»

«አባትሽ የት አሉና? ንዳዱን እሳቸው አይታመሙት።»

«መሊካ፣ ከአባቴ የመጣ ነገር ይህ ብቻ ነው። እንደ ቃላቸው ልብላው።»

ሦስት ሌሊት እዚያ አደረች። ከተራራው የተወለድን ሁሉ ከክረምት በኋላ ብርዱ እስኪገባ ድረስ ቆላ እንደማናድር ታውቃለህ። አባትህ ለእህል መሬቱ ሲወርድ ፀሐይ ሳትጠልቅ አቀበቱን ይዞ ይመለስ እንደነበር ታውቃለህ። እሷም ታውቅ ነበር። በአራተኛው ቀን አንዱ ፍሬ ጎኑ ሳይቀር በሰለ፤ ዓወልና መሊካ እያዩ በላች። በዚያው ቀን ማታ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆማ እየሳቀች «አባባ፣ ዋሸሁዎ። በላሁ። ይኸው ምንም አልሆንሁም» አለችኝ። ተቆጣኋት፤ ወዲያው ደግሞ እኔም ሳቅሁ። አሥር ቀን ደኅና ነበረች።

ጥቅምት 22 ቀን አንቀጠቀጣት። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቃዠች። በአራተኛው ልጁ መጣ። ወንድ ነበር። አልተነፈሰም። እሷን እግዚአብሔር አተረፈልን። ከደብረ ብርሃን በበቅሎ ያስመጣነው ድሬሰር ደሟን ወስዶ አየና ወባ ነው፣ ንዳዱ ነው አለ፤ ክኒኑንም ሰጣት። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ሰዉ ግን ቀድሞ ፈርዷል። ደመቀች «አላልኋችሁም?» እያለች ከቤት ቤት ዞረች። በኅዳር መጀመሪያ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው ወርደው አሥራ ሁለቱን ጣሉ። ሚስማር የተመታባቸውን ሁለቱን ወንዴዎች የማያፈራ አይገድልም ብለው ተዉአቸው። ዓወል «ቄሱ፣ አንድ ቃል ይናገሩ እንጂ» ብሎ ለመነኝ። አልተናገርሁም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ንዳድ ነው ብል «በጥቅምት ቆላ ማን አወረዳት?» ይላሉ። ወልደአረጋይም ይጠይቃል፤ እሱ እስከ ዛሬ አምሮት ያወረዳት ይመስለዋል። ፍሬው ነው ሲሉ ግን የሚረግሙት ዛፍ ነው። ዛፍ ቢረገም አያለቅስም። እንዲህ ብዬ ዝም አልሁ። ይርጋለምም ደብዳቤህን እሳት ውስጥ ጣለችው፤ በንዴት አይደለም፣ ባሏ እንዳያገኘው ነው።

ራስህን አትክሰስ። የፈለግኸው ፍሬ እንድትበላ እንጂ እንድትታመም አልነበረም።

ኃይለ ገብርኤል


ካርቱም፣ ጥር 17 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለቄስ ኃይለ ገብርኤል። ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። ስለ በቅሎውና ስለ ድሬሰሩ አመሰግናለሁ፤ ይህ ቃል ከልቤ ነው፤ የሚከተለውም ከልቤ ነው።

ደብዳቤዎን ሰባት ጊዜ አነበብሁት። ስሕተት ፈለግሁበት፤ አላገኘሁም። ጥቅምት መሆኑን አላሰብሁም። ስለ ፍሬው ጎን፣ ስለ ጥፍር ታህል አረንጓዴ፣ ስለ ጭዱ አሰብሁ፤ ስለ ወሩ አላሰብሁም። እዚህ ክኒን በየሱቁ ስላለ ረሳሁ ልል ነበር፤ አላቀርበውም። አንኮበር የተወለደ ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ካይሮ የተማረ ሰው ከረሳው ሰበብ የለውም። «አትቸኩይ» ያልኋት እኔ ነኝ። ባልጠነቀቅ ኖሮ የመጀመሪያውን ቀን ግማሹ የበሰለውን ቀምሳ ወደ ቤቷ ትወጣ ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ የእርስዎን ጥፋት እናገራለሁ።

ዝም ያሉት ለእኔ ብለው እንደሆነ ጽፈዋል። ማን ለመነዎት? ልጄን አሥራ አምስት ዓመት አሳደጉልኝ፤ አሁን ደግሞ ጥፋቴን ወስደው ሊያሳድጉልኝ ነው። በአንኮበር የእኔ የሆነ አንድ ነገር ቢቀር ይህ ነው፤ እሱንም ደብቀው ያዙብኝ። ለእኔ ሲሉ የፈቀዱት ውሸት ደግሞ አይሞትም። ነገ ሌላ ሰው ዘር ቢያመጣ «የይርጋለምን ልጅ የገደለው ነው» ተብሎ ይነቀላል፤ የሚቀጥለው ደገኛም ፓፓያውን ሸሽቶ ንዳዱ መሀል ይተኛል። ሰው በተሳሳተ ነገር እንዲፈራ ያደረጉት ሴቶቹ አይደሉም። የሚያውቁት እርስዎ ነበሩ።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እንዲህ ይበሉ፤ ቃሉን እኔ እጽፍልዎታለሁ፤ አይጨምሩበት፣ አይቀንሱለት። «ይርጋለም የታመመችው በወባ ነው። ፓፓያ አልጎዳትም። በጥቅምት ቆላ እንድታድር ያዘዛት አባቷ ወልደተንሣኤ ነው።» በመጨረሻው ላይ «ሳያስብ ነው» ብለው እንዳያለዝቡልኝ። እኔን አሳልፎ መስጠት የሚከብድዎ ከሆነ ቄስ ዘርአ ዳዊት ያንብበው። ወልደአረጋይ ከሕዝቡ በፊት ይስማ፤ ሊጽፍልኝ የሚፈልገው ስድብ ካለው አድራሻዬን ይስጡት። ለዓወልም በሁሉ ፊት የካሣ ቃል ይናገሩት፤ ዛፍ ስለ ተቆረጠበት ሳይሆን ቆሞ ለምኖ ስላልተመለሰለት።

አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቃዠች ብለዋል። መሊካ ያለችውን ጽፈዋል፤ ዓወል ያለውን ጽፈዋል፤ ድሬሰሩ ያለውንም አልዘለሉም። የቃዠ ሰው ግን ስም ይጠራል። እሷ የጠራችውን አልጻፉልኝም። እርስዎ እንደዚያ ያለ ነገር በመርሳት አያልፉም፤ አውቀው ነው የተዉት። ከአጠገቧ ነበሩ፤ ግንባሯ ላይ የነበረው እጅ የእርስዎ ነው፤ ሰምተዋል።

«አባባ» ብላ ከሆነ «አባባ» ብለው ይጻፉ። እናቷን ከሆነ እናቷን። ማንንም ካልሆነ ማንንም። እንዳያዝን ብለው የእኔን ስም እንዳያስገቡ አስጠነቅቅዎታለሁ፤ አውቀዋለሁ። ከመልሱ ግርጌ ይርጋለም በገዛ እጇ እውነት ነው ብላ ትፈርምበት፤ ሌላ ቃል መጨመር የለባትም፤ ካልፈለገች ሰላምታም አይጠበቅባትም።

የጠራችውን ስም በጽሑፍ እስከ የካቲት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ካርቱም እንዲያደርሱልኝ።

ወልደተንሣኤ